አዲስ የብየዳ ማሽን ገዛሁ፣ ብሬከር ይጥላል፣ እጄንም ይነዝረኛል። ምን ላድርግ?

አባይ_ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ባሕር ዳር አባይ ማዶ ነኝ። የግቢያችንን በርና ሁለት መስኮት ላሠራ ዋጋ ብጠይቅ አናቴን አዞረኝ። ስለዚህ ማሽኑን ገዝቼ ራሴ ልሥራው አልኩ። በትከሻ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ኢንቨርተር ናት፣ ፊቷ ላይ 200 አምፔር ይላል። ብየዳ ጭራሽ አዲሴ አይደለም፣ ቴክኒክና ሙያ እያለሁ ነካክቻለሁ። ግን ያኔ ማሽኑን የሚያሰናዳው መምህሩ ነበር፣ እኛ መጥተን መለኮስ ብቻ ነው።

አሁን ሳሎን ካለው ሶኬት በዲቫይደር ስቤ በረንዳ ላይ አስነሳኋት። በ2.5 ሚሊሜትር ኤሌክትሮድ ትንሽ እንደሄድኩ ብሬከሩ ይወድቃል። ጎረቤታችን እትዬም መብራታቸው ጭል ጭል እያለ ነው መሰለኝ ከአጥሩ ማዶ ሆነው "ምን እያደረግህ ነው ልጄ?" ብለውኛል። አጎቴ "ብሬከሩን በ32 ቀይረውና ተገላገል" ይላል።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ትናንት ዝናቡ ካባራ በኋላ ኤሌክትሮድ ስቀይር እጄን ነዘረኝ። የማሽኗን ቆርቆሮ በእጄ ጀርባ ስነካውም ቁንጥጥ ያደርገኛል። 200 አምፔር ማለት ከቆጣሪያችን ያን ያህል ይስባል ማለት ነው? ማሳውንስ (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) የት ልያዘው? እስካሁን የአጥሩ ፌሮ ላይ ነበር የምይዘው፣ ገመዱ አጭር ስለሆነ።


ፖሊ_ግቢ

መጀመሪያ ማሽኗን ከሶኬት ንቀላት። ከምሬ ነው። የሚነዝር ማሽን እያሠሩ መፍትሔ አይፈለግም።

200 የሚለው በኤሌክትሮዱ በኩል የሚወጣው ከፍተኛው ነው እንጂ ከቆጣሪህ የሚገባው አይደለም (ርካሾቹ ላይ ያ ቁጥርም ብዙ ጊዜ የተጋነነ ነው)። ማሽኗ ቮልቴጁን አውርዳ አምፔሩን ነው የምታበዛው። በ90 አምፔር እየበየድክ ነው እንበል። አርኩ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መሃል የሚነደው ኮረንቲ) ላይ ያለው ቮልቴጅ 24 ገደማ ነው። 90 በ24 ሲባዛ 2160 ዋት ይመጣል። ማሽኗ በሙቀት የምታባክነውን ስትጨምርበት 2.5 ኪሎዋት አካባቢ ይደርሳል። ይህ በ220 ቮልት 11 አምፔር ምናምን ነው። ግን ርካሽ ኢንቨርተር ከመስመሩ የሚስበው በእኩል ሳይሆን በምት በምት ስለሆነ ሽቦህ የሚሸከመው ከዚያ ይበልጣል፣ 15ም 17ም ሊሆን ይችላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድና ቮልቴጁ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ዋት ለማግኘት አምፔሩን ትጨምራለች። ብሬከርህ ቢወድቅ አይገርምም።

የአጎትህን ምክር በተመለከተ። ብሬከር የሚጠብቀው ማሽንህን አይደለም፣ ግድግዳና ኮርኒስ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። የመብራት መስመር በአብዛኛው 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር ጋር፣ የሶኬት መስመር ደግሞ 2.5 ካሬ ከ16 ጋር ነው የሚዘረጋው። ያንን አንስተህ 32 ብትተክል እውነት ነው ብሬከሩ አይወድቅም። በምትኩ ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ እሳቱም ማንም በማያየው ቦታ ኮርኒስ ውስጥ ይጀምራል። አጎትህን አክብረው፣ በዚህ ግን አትስማው።

ትክክለኛው መንገድ ከዋናው ሳጥን ለማሽኗ ብቻ መስመር ማስወጣት ነው። እስከ በረንዳው ሩቅ ካልሆነ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ ከ25 አምፔር ብሬከር ጋር ለ2.5 ኤሌክትሮድ ይበቃሃል። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ጥራ፣ የቆጣሪህን አቅም አብሮ ይይልህ። ዲቫይደሩን ለስልክ ቻርጀር ተውለት። ማራዘሚያ የግድ ካስፈለገህ ባለ ሦስት ሽቦ፣ ከ2.5 ካሬ ያላነሰ፣ ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ የተፈታ ይሁን። እንደተጠቀለለ ከሠራህበት ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ውስጡ ይቀልጣል።

አሁን ወደ መቆንጠጡ። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ውስጥ የመስመር ረብሻ የሚያጣሩ ኮንደንሰሮች አሉ። ቆርቆሮው ከኧርዝ (ወደ መሬት ከሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ጋር ካልተገናኘ በእነሱ በኩል ከመስመሩ ቮልቴጅ ግማሽ ገደማው ቆርቆሮው ላይ ይቀመጣል። ኮረንቲው ትንሽ ስለሆነ ይቆነጥጣል እንጂ አይዝም። ግን ደግሞ ውስጥ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ነክቶም ሊሆን ይችላል፣ ያ ይገድላል። በመቆንጠጡ ብቻ ሁለቱን መለየት አትችልም፣ በመለኪያ ነው የሚታየው። ብዙ ቤት ሶኬቱ የኧርዝ ቦታ አለው፣ ከፍተህ ስታየው ግን ከኋላው ሽቦ የለም። ሠሪው መሬት ውስጥ የኧርዝ ዘንግ ቀብሮ፣ ለክቶ፣ እስከ ሶኬቱ ያምጣልህ። እግረ መንገዱን ሰው ሲይዘው የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር ይግጠምልህ። ይህ ብሬከር የሚያድንህ ከ220ው በኩል ካለው አደጋ ብቻ ነው። የኤሌክትሮዱ ወገን በትራንስፎርመር የተለየ ስለሆነ ከዚያ የሚይዝህን አያየውም። "ብሬከር አለኝ" ብለህ በእርጥብ ጓንት እንዳትገባ።


የድሮ_በያጅ

እህታችን የመስመሩን ነገር ጨርሳዋለች። እኔ ከማሽኑ ወዲህ ያለውን ልናገር።

ማሳህን ከአጥሩ ፌሮ ላይ አንሳ። ከማሽኑ የወጣ ኮረንቲ ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት። አንተ በሩን እየበየድክ ማሳው አጥር ላይ ከሆነ መመለሻው በማጠፊያው፣ በዛገው ፌሮ፣ በእርጥቡ አፈር፣ ቀን ከጣለህም በአንተ በኩል ነው። ማሳ የሚያዘው የሚበየደው ብረት ራሱ ላይ፣ ከብየዳው አጠገብ፣ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ነጭ ብረት ከወጣ በኋላ ነው። ገመዱ ካጠረህ ማሽኗን አስጠጋ ወይም ረዘም ያለ የብየዳ ገመድ ግዛ። በየመንገዱ ፌሮ እየቀጠሉ ማሳ የሚያደርጉ ልጆች አያለሁ፣ መገጣጠሚያው ሁሉ ይግላል፣ አርኩ ይቆራረጣል፣ ከዚያ ማሽኑ ይሰደባል። ማሳ መያዝህ ደግሞ ኧርዝ አደረግህ ማለት አይደለም፣ እህት ያለችው ኧርዝ ለብቻው ነው።

ኤሌክትሮድ ስትቀይር የነዘረህ ነገር ይታወቃል። ማሽኗ በርታ ምንም ሳትበይድ ኤሌክትሮዱ ላይ ከ60 እስከ 80 ቮልት ይጠብቅሃል። በደረቅ የቆዳ ጓንት ምንም አይልህም። ላብ በጠጣ ጓንት፣ በእርጥብ ሲሚንቶና በሸበጥ ጫማ ሲሆን ግን ያው 80 ቮልት ሰው ይጥላል። በባሕር ዳር ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ "ዝናቡ አባርቷል" የሚባል ነገር አይሠራም፣ የበረንዳው ሲሚንቶ ውሃውን ጠጥቶ ውሎ ያድራል። ደረቅ ጣውላ አንጥፍ፣ የጎማ ምንጣፍ ካገኘህ ከላዩ ጨምርበት፣ ሶሉ ያልተበሳ የቆዳ ቦት ጫማ አድርግ። ጓንት ሁለት ጥንድ ይኑርህ፣ አንዱ ሲረጥብ ወደ ሌላው ትዞራለህ። የኤሌክትሮድ መያዣው ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ወይም ብረቱ ብቅ ካለ ጣለው፣ በፕላስተር አትጠቅልለው። መያዣውን በብብትህ ይዘህ፣ ገመዱንም ትከሻህ ላይ ጠምጥመህ አትሥራ። ሻይ ልጠጣ ብለህ ስትነሳ ቁራጩን ኤሌክትሮድ አውጣና ማሽኗን አጥፋ።

አምፔሩን በተመለከተ 2.5 ኤሌክትሮድ 6013 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ከ60 እስከ 90፣ 3.2 ደግሞ ከ90 እስከ 130 ነው ቤቱ። በርህ በቀጭን ቱቦላሬ ከሆነ ከ60 ጀምርና ቁራጭ ብረት ላይ እየሞከርክ ከፍ አድርግ። ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀ ካስቸገረህ ትንሽ ጨምር፣ ቱቦላሬው ከተበሳ ቀንስ። ማሽኗ ላይ 60% የሚል ካየህ በዚያ አምፔር ከ10 ደቂቃ 6ቱን በይደህ 4ቱን ታሳርፋታለህ ማለት ነው። አጠገቧ ሆነህ ስታሳርፋት አታጥፋት፣ ፋኗ ይዙር። ግራይንደር የምትሠራበትንም ከእሷ አርቀው። ፋኑ የብረት ብናኙን ወደ ውስጥ ስቦ ካርዱ (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) ላይ ያስቀምጠዋል፣ ብዙዋ ኢንቨርተር የምትሞተው በዚህ ነው።

ልብስ ከተባለ ጂንስ ወይም ወፍራም ጥጥ። ናይለን ሹራብ ብልጭታ ሲነካው ቀልጦ ቆዳህ ላይ ይለጠፋል። የሱሪህ ጫፍ ከቦት ጫማው ላይ ይውረድ እንጂ ውስጥ አይግባ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቁ። አንገትህ ላይ የብረት መስቀል በሰንሰለት ካለም እንደዚያው፣ ማተቡ ክር ስለሆነ ግድ የለውም።


ላሜራ_ቤት

ሁሉም ጥሩ ተብሏል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ከሥራ በኋላ ወተት ጠጣ። ጭሱን ያጥበዋል፣ እኛ ሁሌ እንደዚያ ነው የምናደርገው።


ጀልባ_ጠጋኝ

ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ። መንገዳቸው አይገናኝም። ለዚያውስ ፍልሰታ ሲገባ ምን ልትሆኑ ነው?

እኔ ሐይቁ ዳር የብረት ጀልባ ነው የምጠግነው (የደንገል ታንኳ ቢሆን ኖሮ ብየዳም ባልጠየቀ)። ከዚያ ያየሁትን ልንገርህ። ነጭ ቱቦ ወይም ዚንክ የተቀባ ላሜራ ስትበይድ ነጭ ጭስ ይወጣል። ያ የዚንክ ጭስ ነው። ቀን ምንም አይልህም። ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ያተኩስሃል፣ አፍህ ብረት ብረት ይላል፣ ሰው ወባ ነው ብሎ ይተኛል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፣ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ካፈነህ ግን ሐኪም ቤት ነው። መከላከያው ከብየዳው ግራና ቀኝ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ዚንኩን በግራይንደር መላጥ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ ነው እሱም። ከዚያ ክፍት ቦታ ላይ ነፋሱ ከጎንህ እንዲመጣ ሆነህ መቆም። ከኋላህ ከመጣ ጭሱ ፊትህ ላይ እየተሽከረከረ ይቀራል። ጭንቅላትህን ከጭሱ በላይ አታድርገው፣ ማጎንበስ የሚወድ በያጅ ጭሱን ሁሉ እሱ ነው የሚጠጣው።

ሌላው በርሜል ነው። ማሽን ገዛህ መባሉን ሰፈሩ ከሰማ በርሜል ይዞልህ የሚመጣ አታጣም። ቁረጥልኝ፣ ታንከር አድርግልኝ፣ ምድጃ አድርግልኝ። ናፍጣ፣ ቤንዚን፣ ቫርኒሽ ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ነገር የነበረበትን በርሜል አትንካ። ታጥቦ ደርቆ እንኳ ስፌቱ ውስጥ የቀረችው ትነት ለመፈንዳት ትበቃለች። ክዳኑ ተነስቶ ሰው ይገድላል። እኔ የጀልባ ነዳጅ ታንክ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አጠገቡ አልበይድም፣ ባለቤቱ ቢቆጣም ይቆጣ። ብሬክ ማጽጃ በሚባለው ስፕሬይ ብረት አጽድተህም ቶሎ አትበይድ፣ ክሎሪን ያለባቸው ዓይነቶች በአርኩ ብርሃንና ሙቀት መርዘኛ ጋዝ ይሆናሉ። በውሃና በሳሙና ወይም በብሩሽ አጽዳ።

የሚንቀሳቀስ ነገር፣ ባጃጅም ይሁን ጀልባ፣ ስትበይድ ባትሪውን ንቀል። ማሳውም ኮረንቲው በሞተሩና በኩሽኔታው በኩል እንዳይመለስ ብየዳው አጠገብ ይያዝ። በእርጥብ ቦታ ደግሞ የድሮውን ኤሲ ትራንስፎርመር ትቼ ዲሲ ነው የምመርጠው፣ ኤሲ ሲይዝ ይብሳል። እሷ ኢንቨርተርህ ዲሲ ስለሆነች በዚህ እድለኛ ነህ።


አባይ_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ነቅያታለሁ። ኤሌክትሪሻን ነገ ይመጣል፣ አጎቴ አኩርፏል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ። ታናሽ ወንድሜ ትናንት በር ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር። ሌሊት "ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ" እያለ ሲያለቅስ አደረ። አሁንም መብራት ማየት አይችልም። እናቴ ድንች ቆርጣ ልታስርለት ነው፣ ጎረቤት ደግሞ የላም ወተት ጠብ አድርጉበት ይላል። ማስክ እኔ ጋ አለ፣ እሱ ነው ያልነበረው።


የድሮ_በያጅ

አይዞህ። ፀሐይ ቆዳን እንደምትለበልብ አርኩም የዓይንን ፊት ይለበልበዋል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው፣ ለዚህ ነው ሁሌ ሌሊት የሚያስለቅሰው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል። ግን ልጅ ስለሆነና ብርሃን እምቢ ስላለው ዛሬውኑ ዓይን ሐኪም ይየው። ብረት ገብቶበት ከሆነም የሚያየው እሱ ነው።

ድንቹም ወተቱም ይቅር፣ በተቃጠለ ዓይን ላይ ንጹሕ ያልሆነ ነገር ማግባት ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። ጨለም ያለ ክፍል ይተኛ፣ በንጹሕ ቀዝቃዛ ጨርቅ ከዐይኑ ቆብ ላይ ያዝ አድርጉለት፣ እንዳያሽ እጁን ጠብቁት። አንድ ነገር ጠንቀቅ በል፣ የሚያደነዝዝ የዓይን ጠብታ ከሰው ተውሰህ እንዳታደርግለት። በያጆች ዘንድ ይዞራል። ሕመሙን ያጠፋል፣ ሲደጋገም ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

ለወደፊቱ በሸራ ጋርድ። ጥቁር ባይሆንም ወፍራም ይሁን፣ የእናትህን ቀጭን መጋረጃ አታምጣ። ነጭ የተቀባ ግድግዳም ብርሃኑን መልሶ ይረጫል፣ ዞር ብሎ መቆም ብቻ አያድንም። ለራስህ የማስኩ መስታወት ቁጥር 10 ወይም 11 ይሁን። የፀሐይ መነጽር አድርገው የሚበይዱ አሉ፣ እነሱን አትይ። ብየዳው ላይ የሚቀረውን ቅርፊት በመዶሻ ስታራግፍም ነጭ መነጽር አድርግ፣ ትኩስ ቅርፊት ዓይን ውስጥ ይዘላል።


ፖሊ_ግቢ

ወንድምህን እግዜር ይማረው። እሳትን ማንም ስላላነሳው እኔ ልጨምር። ብልጭታ አሥር ሜትር ድረስ ይንከባለላል። በረንዳችሁ ላይ የእንጨት መላላጫ፣ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ፍራሽ፣ የጋዝ ሲሊንደር ምናምን ካለ ይነሳ። በሩ ስር ባለ ክፍተት ሳሎን ገብቶ ምንጣፍ የያዘም አለ። አንድ ባልዲ ውሃና አሸዋ ይቀመጥ፣ ውሃው ግን ማሽኗ ጠፍታ ከተነቀለች በኋላ ነው። ሥራ ስትጨርስ ቶሎ ወደ ቤት አትግባ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ሆነህ ዕቃ እየሰበሰብክ ቆይ። ጭስ ቢኖር ያኔ ነው የሚታየው።

ሰው ኮረንቲ ይዞት ካየህ ደግሞ እጁን አትጎትት። ብሬከሩን አውርድ፣ ከዚያ ንካው። ብሬከሩ የት እንዳለ እናትህም ወንድምህም ይወቁት፣ አንተን ሊያወጡ የሚችሉት እነሱ ናቸው። ለብቻህ ቤት ውስጥ ሆነህ ግን ጨርሶ አትበይድ።


አባይ_ማዶ

ወንድሜን ሐኪም አይቶታል፣ ብረት የለበትም፣ ቅባት ሰጥተውት ዛሬ ተሽሎታል። ሠሪውም መጥቶ ሶኬቱን ሲከፍተው እህቴ እንዳልሽው ከኋላው የኧርዝ ሽቦ የሚባል ነገር የለም፣ ባዶ ነው። ማሽኗን ለክቶ ደህና ናት ብሏል። ዘንግ ሊቀብር ነው፣ በዚህ ክረምት መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ አልተቸገረም።

የመጨረሻ ጥያቄ። ኤሌክትሮዱ ፓኬቱ ተከፍቶ በረንዳ ላይ ስላደረ ረጥቧል መሰለኝ፣ ሲበይድ ይንጣጣል፣ ብየዳውም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። ምጣድ ላይ ባደርቀው ይሆናል?


የድሮ_በያጅ

እርጥበት ነው፣ ልክ ነህ። 6013 ከሆነ 100 ዲግሪ ገደማ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ይደርቃል። ምጣድ ላይ ግን ሙቀቱን አታውቀውም፣ ከበዛበት ልባሱ ይሰነጠቃል፣ 6013 ደግሞ ከመጠን በላይ ከደረቀም አርኩ ይበላሻል። ዳቦ መጋገሪያ ቤት የሚሠራ ጓደኛ ካለህ ምግብ በማይገባበት ሰዓት ለምነው፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርገህ። ልባሱ የረገፈውን ወይም ውስጡ የዛገውን አታድርቅ፣ ጣለው። ቀጣዩን ክዳኑ ጥብቅ ባለ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጥ። ሻጩ 7018 የሚባለውን ዓይነት ሊሰጥህ ከፈለገ ለበር አያስፈልግህም፣ እሱ ለማድረቅ ከ300 ዲግሪ በላይ ምድጃ ይፈልጋል። የማይበላሽ ቱቦላሬ ቁራጭ ካለህ ነገ መጀመሪያ እሱ ላይ ሞክር፣ ፎቶውን ለጥፍና አምፔሩን እንነግርሃለን።


አባይ_ማዶ

እሺ አያ። ምጣዱን ለነገሩ እናቴ ቀድማ ደብቃዋለች።